የፍለጋ ውጤት ቁጥር የዝና መለኪያ ይሆናልን? ከማንኩሽ የተነሣ አስተያየት

መግቢያ

ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን የጥናት ሐሳብ ባቀረብኩበት መድረክ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ስልካቸውን አውጥተው ላጠናው ያሰብኩትን ሰው ስም በጉግል ፈለጉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ምንም አይወጣም፤ ለመሆኑ ይህ ሰው ለጥናት የሚበቃ ታዋቂነት ነበረው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሐሳቡ ከማሻሻያ ጋር ተቀባይነት ቢያገኝም ጥያቄው ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስማቸው የተፈለገው ሐምዳን አቡ ሾክ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት የጉባ ገዥ ነበሩ። ጉባ ዛሬ በመተከል ዞን የምትገኝ፣ መቀመጫዋ ማንኩሽ ከተማ የሆነች ወረዳ ናት።

ገምጋሚው የፈጸሙት ተግባር የተለየ አይደለም። ብዙዎቻችን የአንድን ሰው ክብደት ለመገመት በቅድሚያ የምናየው በፍለጋ ገጽ ላይ የሚመጣውን ውጤት ነው። ይህ ልማድ በምርምር ውስጥም ገብቷል፤ የጥናት ናሙና ሲመረጥ፣ የአንድ ርእስ አስፈላጊነት ሲመዘን፣ አንዳንዴም የመታሰቢያ ስያሜ ሲታሰብ የውጤቱ ብዛት እንደ ማስረጃ ይቀርባል። የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ የፍለጋ ውጤት ቁጥር የሚለካው የሰውን ዝና ሳይሆን ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደልና አጻጻፍ በኢንተርኔት ላይ ምን ያህል እንደ ተጻፈ ነው። ሁለቱ በሚቀራረቡበት ቦታ መለኪያው ይጠቅማል፤ እንደ ማንኩሽ ባሉ፣ ዕውቀት በአብዛኛው በቃል በሚተላለፍባቸው አካባቢዎች ግን «ዜሮ» የሚለው ውጤት መነበብ ያለበት «አይታወቅም» ተብሎ ሳይሆን «አልተመዘገበም» ተብሎ ነው።

መለኪያው ከየት መጣ?

ዝናን በፍለጋ ውጤት መለካት መሠረት የሌለው ጨዋታ አይደለም። ሲምኪን እና ሮይቾውዱሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ጀርመናውያን አብራሪዎችን ወስደዋል። የእያንዳንዱን አብራሪ ሥራ በጣላቸው የጠላት አውሮፕላኖች ብዛት፣ ዝናውን ደግሞ ስሙን በሚጠቅሱ የድረ ገጽ ገጾች ብዛት ለኩ። በሥራው መጠንና በዝናው ሎጋሪዝም መካከል ያገኙት ተዛምዶ 0.7 ገደማ ነበር። ይህም ማለት እያንዳንዱ ተጨማሪ ድል ዝናን በመደመር ሳይሆን በማባዛት ያሳድጋል፤ ጥቂቶች የዝናውን አብዛኛውን ድርሻ ሲወስዱ ሌሎች ከሥራቸው መጠን እጅግ ያነሰ ስም ይደርሳቸዋል ማለት ነው።

ይህ ሥራ በመጽሔት ከመታተሙ በፊት ሐሳቡን የተከተሉት ባግሮውና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን መለኪያ በፊዚክስ ሊቃውንት ላይ ሞከሩ። በእነርሱ ውጤት ዝናና የታተመ ሥራ ብዛት በቀጥታ መስመር የተዛመዱ ሆነው ተገኙ። አንድ መለኪያ በሁለት የሙያ ዘርፎች ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ማሳየቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቁጥሩ ስለ ሰዎቹ ብቻ ሳይሆን ስለ እነርሱ የሚጽፈው ማኅበረሰብ ጠባይም ይናገራልና። በኋላ የመጣው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የፓንቴዎን ፕሮጀክት ደግሞ የፍለጋ ውጤትን ትቶ ዊኪፔዲያን መረጠ፤ በመጀመሪያው ስብስቡ ከ25 በሚበልጡ ቋንቋዎች የሕይወት ታሪካቸው የተጻፈላቸውን 11,341 ሰዎች ይዟል። ይህ መስፈርት ከቀድሞው የረጋ ቢሆንም ጸሐፊ ላላገኙ ሰዎች በሩ ያው ዝግ ነው።

በጀርመናውያኑ አብራሪዎች ጥናት ውስጥ ሁለት ምቹ ሁኔታዎች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ሥራቸው በቁጥር የተመዘገበ ነበር። ሁለተኛ፣ ስማቸው የቤተሰብ ስም ያለውና አጻጻፉ የጸና ነበር። በእኛ ሁኔታ ሁለቱም አይገኙም። ይህንንም ከዚሁ አካባቢ ጋር በተያያዙ ሦስት ስሞች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስም፦ ስመኘው በቀለ

ከጉባ ጋር ተያይዞ በዘመናችን በእጅጉ የታወቀው ሰው ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም። በጊቤ የኃይል ማመንጫ ፕሮጀክቶች ከሠሩ በኋላ፣ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለውን የታላቁን የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሕይወታቸው አልፎ ተገኘ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ለማየት አልታደሉም።

ስማቸውን በአማርኛ የሚፈልግ ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚገጥመው የቋንቋው ጠባይ ነው። «ስመኘው» ስም ብቻ ሳይሆን «እኔ በተመኘሁት ጊዜ» የሚል ትርጉም ያለው ተራ ግስ ነው፤ «በቀለ»ም እንዲሁ ዘር ሁሉ የሚበቅልበት ግስ ነው። ሁለቱ ቃላት ተነጣጥለው ከተፈለጉ የናፍቆት ደብዳቤና የግብርና ምክር ከመሐንዲሱ ዜና ጋር ተደባልቀው ይቆጠራሉ። በአንጻሩ ሁለቱን ቃላት አጣምሮ በትእምርተ ጥቅስ የሚፈልግ ሰው «ኢንጂነር ስመኘው» ብቻ የሚሉትን ገጾች በሙሉ ያጣል። የአማርኛ ስም በቅጥያም ይለዋወጣል፤ «የስመኘው»፣ «ለስመኘው»፣ «ስመኘውን» የሚሉት ለአንባቢ አንድ ሰው ቢሆኑም ለማሽን የተለያዩ የፊደል ሰንሰለቶች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የመጀመሪያው አናባቢ አንዳንዴ «አይ»፣ አንዳንዴ «ኢ» ይሆናል።

ከዚህ የሚከብደው የይዘቱ ጉዳይ ነው። ስለ እርሳቸው የተጻፈው ጽሑፍ ሰፊ ድርሻ ስለ ኅልፈታቸውና ስለ ቀብራቸው፣ ስለ ምርመራውም የሚናገር ነው። የቁጥሩ ዕድገት የሥራቸው ዕድገት ሳይሆን የሐዘናችን መጠን ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል በዚያው ግድብ ላይ ሌትና ቀን የለፉት ብዙ ሺህ ሠራተኞች በስም አይገኙም። ዝና በአንድ ስም ላይ ይከማቻል፤ ሥራ ግን የብዙዎች ነው። የአብራሪዎቹ ጥናት ያሳየው የማባዛት ሕግ እዚህም ይታያል፤ ልዩነቱ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ድርሻ የሚያሳይ መዝገብ በፍለጋ ገጹ በኩል የሌለ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስም፦ ሼህ ሖጀሌ

ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ በአሶሳ፣ በአስተዳዳሪነታቸው የታወቁት ሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የመሩት ዘመቻ ቤላ ሻንጉልን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ካገናኘ በኋላ፣ በወርቅ ግብር በሚታወቀው በዚህ አገር የሼሁ ስም ለረጅም ዘመን ሲነሣ ኖሯል። አሁን ይህን ስም እንጻፍ። የመጀመሪያው ፊደል ሆ፣ ሖ፣ ኆ ወይም ኾ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ጀ ወይም ጄ፤ ሦስተኛው ሌ ወይም ሊ። ይህ ብቻ 16 አጻጻፍ ይሰጠናል። የማዕረጉ ስም ደግሞ ሼህ፣ ሼክ፣ ሼኽ፣ ሸህ፣ ሸክ ተብሎ ሲጻፍ እናያለን፤ 16 በ5 ሲባዛ 80 ይሆናል። ሰማንያውም በእኩል መጠን ሥራ ላይ ይውላሉ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በአንዱ ብቻ ፈልጎ «የሼህ ሖጀሌ ዝና ይህን ያህል ነው» የሚል ተመራማሪ የለካው የራሱን የፊደል ምርጫ ነው። የላቲንና የዐረብኛ አጻጻፎች ገና አልተቆጠሩም።

ሁለተኛው ችግር የአባት ስም ነው። በዚያው ዘመን የቤኒ ሻንጉል ገዥ የነበሩት አብዱራህማን ሖጀሌ ሌላ ሰው ናቸው፤ «ሖጀሌ» በእርሳቸው ዘንድ የአባት ስም ነው። የቤተሰብ ስም ባለበት አገር የተሠራ መለኪያ ሁለቱን ገዥዎች በቀላሉ አንድ ያደርጋቸዋል። ይህ የዘመናችንም ችግር ነው። በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን «ዲባባ» የሚለው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲያዝ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ የተባሉ የሦስት እኅትማማቾች ድል በአባታቸው ስም ሥር ይደመራል። አበበ ቢቂላም በውጭው ዓለም በአብዛኛው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ልጁ ሲሆን፣ በፍለጋው ሚዛን ላይ የሚከብደው የአባትየው ስም ሆኗል።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉም ይልቅ ያስደንቀኛል። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስያሜው ከሼህ ሖጀሌ ስም የመጣ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ከሆነ በየቀኑ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ተሳፋሪ የሚጠራው የታክሲ ረዳት ሳያውቀው የአሶሳውን ገዥ ስም ይጠራል። ስምን የቦታ መጠሪያ እስከ መሆን ካደረሰ ዝና የሚበልጥ ምን ዝና አለ? የፍለጋ ሞተሩ ግን ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ሦስተኛው ስም፦ ሐምዳን አቡ ሾክ

ወደ ተነሣሁበት ስም ልመለስ። «ሼህ ሐምዳን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ፊት በቅድሚያ የሚመጡት ሚሊዮኖች በማኅበራዊ መገናኛ የሚከተሏቸው የዱባይ አልጋ ወራሽ ናቸው። «አቡ ሾክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዳርፉር፣ በኤል ፋሽር አጠገብ የሚገኘውን የተፈናቃዮች መጠለያ ያገኛል። «ጉባ» ተብሎ ሲፈለግም በሰሜን ወሎ ያለችው ጉባ ላፍቶና በምዕራብ ሐረርጌ ያለችው ጉባ ቆሪቻ ይቀላቀላሉ። የጉባው ገዥ ስም በሁለት በኩል በሌሎች ስሞች ተሸፍኗል። ገምጋሚዬ «ምንም አይወጣም» ማለታቸው ስለዚህ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከዚያ የተወሰደው መደምደሚያ ነው።

ሐምዳን በታተመ ጽሑፍ ውስጥ የሌሉ ሰው አይደሉም። በአካባቢው የተጓዘው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣቸዋል፤ የድንበሩን አካባቢ ታሪክና አርኪዮሎጂ ያጠኑ ምሁራንም ያውቋቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የሚገኙት በአማርኛ ፍለጋ በማይደረስባቸው ቋንቋዎችና በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። ለማንኩሽ አረጋውያን ደግሞ መጽሐፉም ሆነ መደርደሪያው አስፈላጊ አይደለም። በመስክ ቆይታዬ ያነጋገርኳቸው አንድ የዕድሜ ባለጸጋ የሐምዳንን ስም ስጠራላቸው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እርሱን የማያውቅ የዚህ አገር ሰው አይደለም» አሉኝ። በኢንተርኔት ዜሮ የሆነው ሰው በዚያ ግቢ ውስጥ የማንነት መለያ ሆኖ አገኘሁት።

ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ይታመናል?

የስሞቹን ጣጣ ብናስተካክል እንኳ ቁጥሩ ራሱ የጸና አይደለም። የፍለጋ ሞተሮች የሚያሳዩት የውጤት ብዛት ግምት ነው፤ በተለያየ ቀን፣ ቦታና የቋንቋ ምርጫ ይለያያል። ሚሊዮን ውጤት አለ ቢባልም ተጠቃሚው ከጥቂት መቶ ገጾች አልፎ ሊያረጋግጠው አይችልም። የፍለጋ ፍላጎትን የሚያሳየው የጉግል ትሬንድስ አገልግሎትም ፍጹም ብዛትን ሳይሆን ከ0 እስከ 100 የሚደርስ አንጻራዊ መጠን ይሰጣል፤ ፈላጊያቸው ጥቂት የሆኑ ቃላትንም በዜሮ ያሳያል። እንግዲህ ዜሮ በሁለተኛውም መሣሪያ «ጥቂት» ማለት እንጂ «የለም» ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የጽሑፋችን ዕድሜ ይጨመራል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየራሳቸው ፎንት የተጻፉ የአማርኛ ጽሑፎች ለፍለጋ አይመቹም። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የዐሥርት ዓመታት ዕትሞች ውስጥ ያሉ ስሞች በፊደል ተለይተው እስካልገቡ ድረስ በምስል ተነሥተው ቢቀመጡም ለፍለጋ ሞተሩ ዝም ያሉ ናቸው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ መጣጥፎች ብዛት 15 ሺህ ገደማ ሲሆን የእንግሊዝኛው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። የክልሉ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቋንቋዎች በኢንተርኔት ላይ ያላቸው ድርሻ ከአማርኛም እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከማንኩሽ የሚነሣ ስም ወደ ፍለጋ ገጹ ለመድረስ ከጉሙዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ወደ ኢንተርኔት ሦስት ድንበሮችን መሻገር አለበት። ብዙ ስሞች የመጀመሪያውን እንኳ አልተሻገሩም።

በመቃወም የሚነገረው

ለመለኪያው የሚከራከሩ ሰዎች ክብደት ያለው ነጥብ ያነሣሉ። የፍለጋ ውጤት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ማንም ሊደግመው ይችላል። አማራጩ የባለሙያዎች ፍርድ ከሆነ ደግሞ እርሱም ከአድልዎ ነጻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ የመንደሩን ጀግና ያገንናል። ይህን እቀበላለሁ። በአንድ ዘመን የኖሩ፣ በአንድ ቋንቋ የሚጻፍላቸው፣ በአንድ ሙያ ያሉ ሰዎችን፣ ለምሳሌ የዘመናችንን የአማርኛ ድምፃውያን፣ በደረጃ ለማስቀመጥ መለኪያው ሊያገለግል ይችላል። ስሕተቱ ሁሉንም በእኩል ስለሚነካ ቅደም ተከተሉ ብዙ አይዛባም።

ጉዳቱ የሚመጣው ስሕተቱ እኩል በማይሆንበት ጊዜ ነው። የመዲናዋን ድምፃዊ ከጉባ የዕርቅ ሽማግሌ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው የሚያነጻጽረው ሁለት ሰዎችን ሳይሆን ሁለት የጽሑፍ ሁኔታዎችን ነው። ውጤቱም ራሱን ይወልዳል፦ በፍለጋ ያልተገኘ ሰው ለጥናት አይመረጥም፤ ስላልተጠና አይጻፍለትም፤ ስላልተጻፈለት ነገም በፍለጋ አይገኝም። የዚህ አዙሪት ዋጋ የሚከፈለው በሰዎች ዕድሜ ነው፤ ስለ ሐምዳን የነገሩኝን አረጋዊ ከዐሥር ዓመት በኋላ ለማግኘት ዋስትና የለኝም።

ምን ይደረግ?

መለኪያውን መጣል ሳይሆን መግራት ይገባል እላለሁ። በዚህ ዘርፍ ለምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች አቀርባለሁ።

1. ከፍለጋ በፊት የስሙ አጻጻፎች ሁሉ በዝርዝር ይዘጋጁ፤ የሞክሼ ፊደላት፣ የቅጥያዎችና የማዕረግ ልዩነቶች ይካተቱ፤ ተደጋጋሚ ገጾችም ይቀነሱ።

2. ፍለጋው የተደረገበት ቀን፣ ቦታ፣ የፍለጋ ሞተርና የቋንቋ ምርጫ በጥናቱ የአሠራር ክፍል ይገለጹ። ያለ እነዚህ ቁጥሩ ሊደገም አይችልም።

3. ከውጤቶቹ የተወሰኑት፣ ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ 100 ገጾች፣ በዓይን ታይተው በአራት ይመደቡ፦ ሰውዬውን የሚመለከቱ፣ ሞክሼ ስም፣ ተራ ቃል፣ እና በሰውዬው ስም የተሰየመ ቦታ ወይም ተቋም። የሚዘገበው ጥሬው ቁጥር ሳይሆን ይህ ምጣኔ ይሁን።

4. ቁጥሩ ከመስክ መጠይቅ ጋር ይጣመር። በማንኩሽ ገበያ «ይህን ስም ያውቃሉ? ከማን ሰሙት?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች የፍለጋ ገጹ የማይሰጠውን መልስ ይሰጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የጥናት ውጤት ነው።

5. ዜሮ እንደ ጎደለ መረጃ እንጂ እንደ ዝቅተኛ ዋጋ አይያዝ። በስታቲስቲክስ ትምህርታችን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ገና ከመጀመሪያው ተምረናል፤ በሰው ላይ ሲሆን የምንረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

መደምደሚያ

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። አባባሉ ስሙን ከመቃብር በላይ የሚያቆየው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ በማንኩሽ እስካሁን ያቆየው የአረጋውያን አንደበት ነው። የፍለጋ ሞተር ያንን አንደበት አይሰማም፤ እንዲሰማም አልተሠራም። ተመራማሪ ግን ሄዶ መስማት ይችላል። ስለዚህ በጥናት ሐሳብ ግምገማ ላይ «ምንም አይወጣም» የሚለው አስተያየት ሲሰነዘር ተማሪው ርእሱን ለመተው ሳይሆን ለመያዝ ምክንያት ሊያደርገው ይገባል። ገምጋሚዬ የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬ ብጠየቅ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ሐምዳን አቡ ሾክን ያጣቸው የፍለጋ ገጹ ነው፤ የጉባ ሰው ግን አላጣቸውም፤ የእኔም ሥራ ያንን ዕውቀት መጻፍ ነው።